የመጨረሻዋ ደሞዝ፤ ከጣሊያኖቹ ጀምሮ እስከ እኛ ድረስ

ዛሬ ስለ ቤንዚን ዋጋም ሆነ ስለ ኤርፖርቱ ሰልፍ አላወራም። የምጽፈው ሥራ ለቅቆ ስለሚወጣ ሰው የመጨረሻ ደሞዝ ነው። ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው፤ የአገር ቤቱን አዋጅ ስጠራ ብቻ በኛው ነው።

ነገሩ ቀላል ይመስላል። የሠራ ሰው ይከፈለዋል፣ አለቀ። ግን የመጨረሻዋ ደሞዝ ከሌሎቹ ትለያለች። ሥራ ላይ እያለህ ደሞዝህ ሦስት ቀን ቢዘገይ አሠሪህም ይጨነቃል፤ ሰኞ ጠዋት እንድትመጣለት ይፈልግሃላ! ለቅቀህ ከወጣህ በኋላ ግን አንተ ከእሱ ትፈልጋለህ እንጂ እሱ ከአንተ የሚፈልገው ነገር የለም። የድሮ ሙያዬ አይለቀኝምና፣ ጭነቱ ሁሉ አንድ ምሰሶ ላይ ያርፋል። ደሞዝ መያዝ የሚያምረው አሠሪ መጀመሪያ የሚይዘው የመጨረሻዋን ነው።

እንድጽፍ ያነሳሳኝ የአንዲት እህታችን ጉዳይ ነው። የእሷንም የቤቱንም ስም አልጠራም። እዚሁ ሬኒየር ቫሊ ውስጥ አንድ የአገራችን ሰው ምግብ ቤት ሁለት ዓመት ሠራች። እንጀራ ጋገረች፣ ወጥ ሠራች፣ ማታ ወለል አጠበች። ስትለቅ የስድስት ሳምንት ደሞዝ ቀረባት፤ 4,200 ዶላር። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ከስምንት ወር ሆነ። ሰውየው አንድም ቀን "አልከፍልም" ብሏት አያውቅም። "ትንሽ ታገሺኝ፣ ገበያው ቀዝቅዟል" ነው የሚላት። የሚያውቃት ሰው ሁሉ ደግሞ "ወገንሽን ልትከሺ ነው እንዴ?" ይላታል። ይቺ "ወገን" የምትለዋ ቃል እንቅልፍ ነሳችኝ። ኤርፖርት ሎት ውስጥ ሁለት ሰዓት የሚቆም ሰው ወይ ያነባል ወይ ይጣላል፤ እኔ ሳነብ ነው የከረምኩት። የአገር ልጅ የአገሩን ልጅ ደሞዝ የያዘበት ታሪክ በኛ አልተጀመረም፤ በዚችው ጎዳና ላይ ከኛ በፊት የነበሩ ሁሉ አልፈውበታል።

ከጣሊያኖቹ ልጀምር። ሬኒየር ጎዳና ከመሃል ከተማ ወደ ደቡብ ሲነሳ ያለው ሰፈር የእነሱ ነበር። ፈረንጆቹ "ጋርሊክ ገልች" ይሉት ነበር፣ የነጭ ሽንኩርት ሸለቆ እንደማለት። የቦራኪኒ ዳቦ ቤት የዚያ ዘመን ትዝታ ነበር፤ ብዙዎቻችን የልጆቻችንን የልደት ኬክ ከዚያ ገዝተናል፣ በ2021 ተዘጋ። ከደቡብ ጣሊያን ቋንቋ ሳያውቅ የመጣው ገበሬ የባቡር ሐዲድ ሥራ ወይም የቁፋሮ ሥራ የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ቀድሞት በመጣ የአገሩ ሰው በኩል ነበር። ያንን ሰው "ፓድሮኔ" ይሉታል። ፓድሮኔው ሥራ ያገኝልሃል፣ ያስተረጉምልሃል፣ ማደሪያ ይሰጥሃል፣ ደብዳቤህን ይጽፍልሃል። ከዚያ የሁሉንም ዋጋ ከደሞዝህ ላይ ይቆርጣል። ደሞዙ ራሱ በእሱ እጅ የሚያልፍበት ጊዜ ስለነበር ስንት እንደተከፈለህ የሚያውቀው እሱ ነው።

በጣም የታወቀው ፓድሮኔ ሞንትሪያል፣ ካናዳ የነበረው አንቶኒዮ ኮርዳስኮ ነው። ለካናዲያን ፓሲፊክ ባቡር ድርጅት ሠራተኛ ያቀርብ ነበር፤ ራሱን የጣሊያን ሠራተኞች ንጉሥ አሰኝቶ ነበር። በ1904 ገንዘብ አስከፍሎ የመዘገባቸው በሺዎች የሚቆጠሩ ጣሊያኖች ሥራ ሳያገኙ ሞንትሪያል ጎዳና ላይ ሲፈሱ የካናዳ መንግሥት አጣሪ ኮሚሽን አቋቋመ። ልብ በሉ፣ ጉዳዩን ሸንጎ ፊት ያደረሰው የተበዳዮቹ መናገር ነው። በጣሊያኖቹ ዘንድም "የኛን ጉድ ለእንግሊዝ ዳኛ ማውጣት" የሚል ሰው ጠፍቶ ነበር ብዬ አላምንም።

እዚህ ዋሽንግተን ደግሞ የእንጨት፣ የማዕድንና የባቡር አገር ነበረች። በዚያ ዘመን ጫካ ውስጥ የሚሠራ ሰው ሲለቅ ገንዘብ በእጁ ላይሰጠው ይችላል። ይህን ያህል ሰዓት ሠርቷል የሚል ወረቀት ይሰጠዋል። ወረቀቱን ወደ ብር ለመለወጥ ኩባንያው ቢሮ ያለበት ከተማ ድረስ መሄድ አለበት። ረሃብ የያዘው ሰው ደግሞ ከመንገድ ላይ ለባለ መጠጥ ቤቱ ቀንሶ ይሸጠዋል። ዛሬ የመጨረሻ ደሞዛችንን የሚጠብቀው የዋሽንግተን ሕግ ሥሩ እዚያ ዘመን ላይ ነው፤ መጀመሪያ የወጣው በ1888 ነው፣ ዋሽንግተን ስቴት ከመሆኗ ከአንድ ዓመት በፊት። በ1905፣ በ1947 እና በ1971 ተሻሻለ። ዛሬ የሚለው አጭር ነው፦ ሠራተኛ ተባረረም በፈቃዱ ለቀቀም፣ ያለው ደሞዝ በተለመደው የክፍያ ጊዜ መጨረሻ ላይ ይከፈለው። "ገበያ ሲሞቅ" አይልም። "ዩኒፎርም ስትመልስ" አይልም።

ሕግ ስለወጣ ግን ነገሩ አልቆመም። በ1900ዎቹ መጀመሪያ ስፖኬንና ሲያትል ውስጥ ሥራ የሚሸጡ ቢሮዎች ነበሩ፤ ሠራተኞቹ "ሻርኮች" ይሏቸው ነበር። አንድ ዶላር ወይም ሁለት ዶላር ከፍለህ የሥራ ቦታ ትገዛለህ። ጫካው ውስጥ ያለው አለቃ ከደላላው ጋር ስለሚካፈል ጥቂት ቀን አሠርቶ ያባርርህና ሌላ ሰው ያስመጣል። በዚያን ጊዜ ይቀለድ የነበረው፣ ለአንድ ሥራ ሦስት ቡድን አለ፣ አንዱ እየመጣ፣ አንዱ እየሠራ፣ አንዱ እየሄደ፣ ተብሎ ነው። በ1909 ስፖኬን ላይ ይህንን በአደባባይ ሊናገሩ የወጡ ሠራተኞች በመቶዎች ታሠሩ። በ1914 የስቴቱ ሕዝብ ድምፅ ሰጥቶ ሥራ ፈላጊን ገንዘብ ማስከፈልን ከለከለ፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ በ1917 በ5 ለ4 ድምፅ ሕጉን ሻረው። ሕዝብ የሰጠውን ዘጠኝ ሰው ሲነሳ አገር ቤት ብቻ የሚሆን ይመስለን ነበር።

አሁን ወደ ልቤ ጉዳይ፣ ወደ ፊሊፒኖዎቹ ልምጣ።

በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ወጣት ፊሊፒኖዎች በየዓመቱ ጸደይ ሲገባ ከሲያትል ወደብ መርከብ ተሳፍረው አላስካ ይሄዱ ነበር። ሥራው የሳልመን ዓሣ ማጽዳትና በቆርቆሮ ማሸግ ነው። ከእነሱ በፊት ቻይናዎች፣ ከዚያም ጃፓኖች ሠርተውታል። ፋብሪካው ሠራተኛውን በቀጥታ አይቀጥርም። ከኮንትራክተር ጋር ይዋዋላል፤ ኮንትራክተሩ ሰው ያቀርባል፣ ያበላል፣ ይከፍላል። ኮንትራክተሩ ብዙ ጊዜ የራሳቸው የእስያ ሰው ነበር፤ ቆይቶም የራሳቸው ፊሊፒኖ ሆነ። ደሞዙ የሚታሰበው መርከቧ በመከር ወደ ሲያትል ስትመለስ ነው። ማለትም የወቅቱ ደሞዝ ከሞላ ጎደል ሙሉው "የመጨረሻ ደሞዝ" ነበር። ሲታሰብ ደግሞ ልብስ ከእኔ ሱቅ ወስደሃል፣ ተጨማሪ ምግብ በልተሃል፣ ካርታ ተጫውተህ ተበልተሃል እየተባለ ይቆረጣል። የቁማሩን ጠረጴዛም የሚያቆመው የኮንትራክተሩ ሰው ነው። ዓሣ ሲያጥብ ከርሞ ባዶ ኪሱን ወይም ዕዳ ይዞ የተመለሰ ነበር።

ኮንትራክተሩን እንደ ጭራቅ ብቻ እንዳታዩት። ክረምት ላይ ሥራ ሲጠፋ የሚያበድረው እሱ ነው። ሆቴል ውስጥ ሲታመም የሚጠይቀው እሱ ነው። ፖሊስ ሲይዘው የሚደርስለት እሱ ነው። ስለዚህ እሱን መቃወም ውለታ መብላት ይመስል ነበር። እኛ ይህንን ስሜት ከማንም በላይ እናውቀዋለን። የመጀመሪያውን ሳምንት ሶፋ ላይ ያሳደረህን ሰው ስድስት ሳምንት ደሞዝህን ቢይዝ ምን ትለዋለህ?

በ1933 እነዚህ ሰዎች ሲያትል ላይ የዓሣ ፋብሪካና የእርሻ ሠራተኞች ማኅበር አቋቋሙ። ሊቀ መንበሩ ቨርጂል ዱዩንጋን ይባላል። ዓላማው ኮንትራክተሩን ከመሃል አውጥቶ ሠራተኛውን ከፋብሪካው ጋር በቀጥታ ማገናኘት ነበር። ታኅሣሥ 1 ቀን 1936 ዱዩንጋንና የማኅበሩ ጸሐፊ ኦሬሊዮ ሲሞን ሲያትል ውስጥ አንድ ጃፓን ምግብ ቤት ውስጥ በጥይት ተገደሉ። ገዳዩ የአንድ ኮንትራክተር ዘመድ እንደነበር የማኅበሩ ታሪክ ይናገራል። ግድያው ማኅበሩን አላጠፋውም፤ በሚቀጥለው ዓመት ቅጥሩ በማኅበሩ በኩል ሆነና የኮንትራክተሩ ዘመን አበቃ። በፓዮኒየር አደባባይና በኢንተርናሽናል ዲስትሪክት ሰው ሳወርድ ብዙ ጊዜ ትዝ ይሉኛል። ፈረንጅ ለፈረንጅ ሲታኮስ የሚያሳይ ፊልም ሞልቷል፤ ስለነዚህ ሁለት ሰዎች ግን ከሲያትል ውጭ የሚያወራ ብዙ የለም።

ከዚያ ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1939፣ ዋሽንግተን እስከ ዛሬ ድረስ ጥርስ ያለውን ሕግ አወጣች። ደሞዝ ከፍሎ ከጓሮ በኩል የሚያስመልስ፣ ወይም የሚገባውን ሆን ብሎ አሳንሶ የሚከፍል አሠሪ በወንጀል ይጠየቃል ይላል። ለተበዳዩ ደግሞ የቀረበትን እጥፍ፣ ከጠበቃ ወጪው ጋር ይፈርድለታል። ተጠያቂው ኩባንያው ብቻ አይደለም፣ የኩባንያው ኃላፊም በግሉ ነው። እዚህ ጋ አንድ ቀዳዳ አለ፤ ሠራተኛው አውቆና ወድዶ የተስማማበት ከሆነ እጥፉን አያገኝም። ይህችን ያዙልኝ፣ ስለ ሽምግልና ሳወራ እመለስባታለሁ።

"ገንዘብ የለኝም" የሚለው መልስ ምን ዋጋ እንዳለው የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሁለት ጊዜ ተናግሯል። በ1998 ሺሊንግ የተባለ ሰው ሬዲዮ ሆልዲንግስ የተባለ ድርጅትን ከስሶ ነበር። ድርጅቱ ደሞዙን አልካደም፤ ችግር ላይ ነኝ፣ ሆን ብዬ አይደለም አለ። ፍርድ ቤቱ የገንዘብ እጥረት መከላከያ አይሆንም፤ ዕዳ መኖሩን እያወቅህ ካልከፈልህ ሆን ብለህ ነው አለው። በ2009 ደግሞ እዚሁ ሲታክ የነበረው ፈንስተርስ ግራንድ ካዚኖ ጉዳይ መጣ። ካዚኖው ከስሮ ሲዘጋ ሠራተኞቹ የመጨረሻ ደሞዛቸውን አላገኙም። ኃላፊዎቹ ድርጅቱ በኪሳራ ፍርድ ቤት እጅ ገብቷል፣ የቼኩ ደብተር እኛ ጋ የለም አሉ። አልተቀበላቸውም፤ ከግል ኪሳቸው እጥፉን እንዲከፍሉ ተፈረደ። እህታችን ይህንን ሳነብላት "እነሱ ካዚኖ ናቸው" አለችኝ። ሕጉ ግን ካዚኖና እንጀራ ቤት አይለይም።

ከኛ ሰው ጋር በቀጥታ የተያያዘው ታሪክ ደግሞ የኤርፖርቱ ነው። በኅዳር 2013 የሲታክ ከተማ ነዋሪ በ77 ድምፅ ብልጫ ብቻ የ15 ዶላር ደሞዝ ሕግ አጸደቀ። ያንን ድምፅ ለማሰባሰብ በር ያንኳኩት ውስጥ ሻንጣ የሚጭኑ፣ መኪና የሚያጥቡና ነዳጅ የሚሞሉ የምሥራቅ አፍሪካ ልጆች ብዙ ነበሩ። ታኅሣሥ ላይ አንድ ዳኛ ሕጉ ኤርፖርቱ ግቢ ውስጥ አይሠራም አለ። ነሐሴ 2015 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ5 ለ4 ገለበጠው፤ ይሠራል፣ ያውም ከጥር 1 ቀን 2014 ጀምሮ። ስለዚህ የሃያ ወር ልዩነት ዕዳ ሆነ፤ ክስም ተከተለ። እኔ ያኔ ከታክሲ ሰልፉ ሆኜ የታዘብኩት አንድ ነገር ነው። በመሃሉ ሥራውን ለቅቀው ኡበር የጀመሩ ልጆች "እኛማ ወጥተናል፣ አይመለከተንም" ብለው ተቀምጠው ነበር። መውጣት ግን ዕዳ አይሰርዝም። ሠርተህበት የወጣህ ሰዓት ያንተ ነው።

እስቲ ደግሞ ወደ አገር ቤት እንሂድ። የኛ ሕግ በዚህ ጉዳይ ከአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ይሻላል ብል የምትስቁ አላችሁ። እውነት ነው ግን። የፌዴራሉ የ1938 ሕግ ለለቀቀ ሰው ወዲያው ክፈል ብሎ ቀን አይቆርጥም፤ ለየስቴቱ ትቶታል። የኛው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን፣ ከእሱ በፊት የነበረው 377/1996ም እንዲሁ፣ የሥራ ውል ከተቋረጠ በሰባት የሥራ ቀን ውስጥ ክፈል ይላል። መጠኑ ላይ ከተጨቃጨቃችሁ ያመንክበትን አሁን ክፈል፣ የቀረውን ተከራከር ይላል። ያለ በቂ ምክንያት ከዘገየህ እስከ ሦስት ወር ደሞዝ ተጨማሪ ሊፈረድብህ ይችላል። አሠሪው ዕዳ ከበዛበት የሠራተኛ ክፍያ ከሌላው ዕዳ ይቀድማል። ወረቀቱ ላይ እንከን የለውም።

ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? ክሊራንስ! ሕጉ ሠራተኛው በራሱ ጥፋት የአሠሪውን ንብረት ሳይመልስ ካዘገየ የሰባቱ ቀን ሊራዘም ይችላል ይላል። በዚያች ቀዳዳ ዝሆን ያልፋል። እኔ ዲቪ ደርሶኝ ከአንድ ኮንትራክተር ዘንድ ስለቅ የሳይት መሐንዲስ ነበርኩ። የአሥራ አንድ ሰው ፊርማ የሚጠይቅ የክሊራንስ ወረቀት ሰጡኝ። አሥሩን ጨረስኩ። ስቶር ኪፐሩ ግን የቶታል ስቴሽኑ ትራይፖድ ጎድሏል አለ። ትራይፖዱ ሌላ ሳይት ላይ፣ ሌላ መሐንዲስ እጅ፣ በፈረመበት ሞዴል እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። "እሱ መልሶ ሲያስገባ እፈርምልሃለሁ" ይለኛል። የአውሮፕላኑ ቀን ደረሰና የአንድ ወር ተኩል ደሞዜን ትቼ ተሳፈርኩ፤ ለታላቅ እህቴ ግን ውክልና ሰጥቻት ነበር። እህቴ የመንግሥት ቢሮ ደጅ መጥናት የተካነች ሰው ናት። ሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ሄደች፣ ተመለሰች፣ ደግማ ሄደች። በአምስተኛው ወር ከፈሏት። አንድ ወር ብትዘገይ ኖሮ ይርጋው አልፎ ነበር፤ አገር ቤት እንዲህ ያለ የክፍያ ጥያቄ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ ይታገዳል። ትራይፖዱ እስካሁን የት እንዳለ እግዜር ይወቅ።

ያ ሁሉ ጥበቃ ግን ለሁሉም አይደለም። የቤት ሠራተኛ ከአዋጁ ውጭ ናት። ይህቺው ልጅ ቤሩት ወይም ጅዳ ስትሄድም የዚያ አገር የሠራተኛ ሕግ አያቅፋትም፤ ከፋላ የሚባለው ሥርዓት ፓስፖርቷንም ፈቃዷንም አሠሪዋ እጅ ያስገባዋል። በ2013 መጨረሻ ሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችንን ስታባርር ስንቱ የወራት ደሞዝ ትቶ እንደወጣ የቦሌን የዚያን ሰሞን መልክ ያየ ያውቀዋል። በሰኔ 2020 ቤሩት ላይ፣ የሊባኖስ ገንዘብ ሲወድቅና ኮሮና ሲገባ፣ አሠሪዎቻቸው ሴቶቻችንን በመኪና አምጥተው ቆንስላችን በር ላይ ጣሏቸው። አስፋልት ላይ ፍራሽ አንጥፈው አደሩ። ብዙዎቹ የወራት ደሞዝ አልተከፈላቸውም ነበር። እዚህ ያለን ሰዎች ያኔ ገንዘብ አዋጥተን ትኬት ገዝተናል፣ እሰይ። የተበላው ደሞዛቸው ግን እዚያው ቀረ። ከአገሩ የወጣ ሰው ክስ የሚከፍትበት በር የለውማ።

እኛ ያለንበት አገር ግን በሩ አለ። ታዲያ ለምን አንገባም?

ይህንን ለአንድ አባታችን አነሳሁባቸው። የብዙ ሰው ትዳር ያስታረቁ፣ የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው።

"ልጄ" አሉኝ፣ "ያ ሰውዬ ቤቱን ከዘጋ አምስት ሰው ሥራ ያጣል። እዚህ አገር ያለን አንድ ነገር መተሳሰብ ነው። ፍርድ ቤት ገብቶ በዓይን መተያየት የለም።"

"ጋሼ፣ መተሳሰቡ ለእሷም ይሁን እንጂ" አልኳቸው። "እርስዎስ ለምን በጽሑፍ አያስፈርሙትም?"

"ሽማግሌ ቃል ይበቃዋል" አሉኝ።

ልክ ናቸው፣ ቃል ይበቃው ነበር፤ ዳኛውም ሽማግሌውም ገበሬውም አንድ ቀበሌ ውስጥ በነበሩበት ጊዜ። ቃሉን ያፈረሰ ሰው ለቅሶ ላይ ማን ይመጣለታል? ያ ነበር ማስገደጃው። እዚህ ግን ያፈረሰው ሰው ወደ ሬንተን ወይም ወደ ኬንት ይዛወርና በሌላ እድር ይመዘገባል። በዚህ ላይ ሰዓቱ ይቆጥራል። በዋሽንግተን የቃል ውል ይርጋ ሦስት ዓመት ነው፤ የተፈረመ ውል ግን ስድስት ዓመት አለው። ሽማግሌ "ታገሺ" ባለ ቁጥር ከሦስቱ ዓመት ላይ ይቀነሳል። "እሺ፣ በግማሹ ተስማምቻለሁ" ብላ በቃል ብትናገር ደግሞ ያቺ ቀዳዳ፣ አውቆ መስማማት የምትለዋ፣ ትከፈትባታለች። እኔ ሽምግልናን አልጠላም። ሽምግልናው ከዕዳው መጠን፣ ከመክፈያው ቀንና ከፊርማ ጋር ይሁን ነው የምለው። እንዲህ ያለ ወረቀት ሽማግሌውንም ያስከብራል።

እሳቸው ግን አልፈረሙም፣ አላስፈረሙም። እህታችንም ባለፈው ሳምንት አቤቱታዋን ስቴቱ ሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ ሌበር ኤንድ ኢንዱስትሪስ፣ አስገባች። ቢሮው ቱክዊላ ነው፣ ከኛ አሥራ አምስት ደቂቃ። ገንዘብ አይጠይቅም፣ የመኖሪያ ወረቀት አይጠይቅም፣ የአማርኛ አስተርጓሚ በስልክ ያቀርባል። በ2006 በወጣው ሕግ መሠረት አጣርቶ በ60 ቀን ውስጥ ውሳኔ መስጠት አለበት፣ ጉዳዩ ከከበደ ሊያራዝም ይችላል። ወደኋላ ሦስት ዓመት ያያል። በየወሩ 1 በመቶ ወለድ ያስባል፤ የእሷን ብታሰሉት በ32 ወር 1,344 ዶላር ነው። እጥፉን የሚፈርደው ግን ፍርድ ቤት እንጂ ይህ ቢሮ አይደለም። ስለዚህ ውሳኔው እጅሽ ከገባ በኋላ በአሥር የሥራ ቀን ውስጥ ማሰብ አለብሽ፤ ውሳኔውን ትተሽ በግል መክሰስ የምትችዪው በዚያ ጊዜ ነው። የእሷ እጥፍ 8,400 ስለሆነ እስከ 10,000 ዶላር በሚያየው የትንንሽ ክሶች ፍርድ ቤት ያለ ጠበቃ ትችላለች። ሲያትል ከተማ ውስጥ ለሠራ ደግሞ ሌላ በር አለ፤ ከተማዋ በ2011 ደሞዝ መብላትን በወንጀል ሕጓ ውስጥ አስገብታለች፣ በ2015 ደግሞ የራሷን የሠራተኛ መብት ቢሮ ከፈተች። ስለ ጠየቅህ ኢሚግሬሽን እጠራብሃለሁ ብሎ ማስፈራራት ራሱ ጥፋት ነው።

ማስረጃ የለኝም የምትሉ አላችሁ፤ በጥሬ ብር ነበር የሚከፍለኝ፣ ፊርማ የለም፣ ፔይ ስተብ የለም። የኛም እህት እንዲሁ ናት። ያላት ማስረጃ ቤተ ክርስቲያን የሚያድለው የግድግዳ ካላንደር ነው፤ በየቀኑ ስንት ሰዓት እንደገባችና እንደወጣች በእስክሪብቶ ጽፋበታለች። ሌላ ደግሞ "ነገ ቀደም ብለሽ ነይ" የሚሉ የስልክ መልእክቶች። ይህ በቂ ነው ወይ? በ1946 ሚሺጋን ውስጥ የማውንት ክሌመንስ ሸክላ ፋብሪካ ሠራተኞች ጉዳይ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። ፍርድ ቤቱ ያለው እንዲህ ነው፦ የሥራ ሰዓት መዝገብ መያዝ የአሠሪው ግዴታ ነው። እሱ ካልያዘ ሠራተኛው በደቂቃ እንዲያስረዳ አይጠበቅበትም፤ ምክንያታዊ ግምት የሚሰጥ ማስረጃ ካቀረበ ይበቃል፣ ከዚያ በኋላ ማስተባበል የአሠሪው ፈንታ ነው። ኮንግሬስ በማግሥቱ ዓመት የጉዳዩን ሌላ ክፍል በሕግ ቢሽረውም ይህ መርሕ እስከ ዛሬ ይሠራል። ስለዚህ ያቺ የመድኃኔዓለም ሥዕል ያለባት ካላንደር ከባለቤቱ ባዶ ፋይል ትበልጣለች።

"ሳህን ሰብራለች፣ ሚጣድ አበላሽታለች" ብሎ መቁረጥም እንዲሁ በዘፈቀደ አይደለም። ከመጨረሻ ቼክ ላይ ለጉዳት የሚቆረጠው ሆን ተብሎ ወይም በማጭበርበር የደረሰ እንደሆነ ነው፤ ያውም በመጨረሻው የክፍያ ጊዜ ውስጥ የሆነ። ከሁለት ዓመት በፊት የተሰነጠቀ ምጣድ አይቆጠርም።

እኛ ባለ ታክሲዎችስ ትሉኝ ይሆናል። እኛ እንኳን የመጨረሻ ደሞዝ የመጀመሪያም የለንም፤ በወረቀት ላይ የራሳችን አለቃ ነን። መኪና ተከራይቶ የሚነዳ ወንድማችን ሲለቅ የሚታገለው ለማስያዣው ነው። እሱ ደሞዝ ስላልሆነ ከላይ ያልኩት ሁሉ አይሠራለትም፤ የኪራይ ውሉን ፎቶ አንስቶ ማስቀመጥና የትንንሽ ክሶች ፍርድ ቤትን ማሰብ ነው ያለው። ቀለም ለምትቀቡ፣ ቤት ለምታጸዱ፣ በግላችሁ ሒሳብ ለምትሠሩ፣ ትርጉም ለምትሠሩ ግን ሲያትል ከመስከረም 1 ቀን 2022 ጀምሮ ሌላ ሕግ አላት። በዓመት 600 ዶላርና ከዚያ በላይ የሚከፈላችሁ ብቸኛ ሠራተኞች ከሆናችሁ፣ አሠሪያችሁ ከሥራው በፊት ውሉን በጽሑፍ መስጠት አለበት። የክፍያ ቀን ካልተባለም ሥራው ካለቀ በ30 ቀን ውስጥ ይከፍላል። የሰፈራችን ቀለም ቀቢዎች ይህንን ሰምተው እንደሆነ ስጠይቅ ከአራቱ አንዱ ብቻ ነው የሰማው፤ እሱም የሰማው ካልከፈለው ሰው ጠበቃ ነው።